ያልጠራው ቀኝ ዓይን፦ ባለ ሦስት ትኩረት ሌንስ ከተተከለ በኋላ የቀረው ብዥታ ከየት መጣ?

ታካሚዋ የ58 ዓመት ሴት ናቸው። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቀኑን ኮምፒውተር ላይ ይውላሉ፣ ማታ ራሳቸው መኪና ነድተው ይመለሳሉ፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ዳዊት ይደግማሉ። ቀኝ ዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትና ባለ ሦስት ትኩረት (ትራይፎካል) ሌንስ የተተከለለት በሌላ ተቋም ነው። ከ10 ሳምንት በኋላ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሲመጡ በእጃቸው «ያግ ሌዘር ይደረግላቸው» የሚል ወረቀት ነበር (ያግ ሌዘር ከተተከለው ሌንስ በስተኋላ የደበዘዘውን ከረጢት የሚከፍት ሕክምና ነው)። ቅሬታቸው አጭር ነው፦ «አየዋለሁ፣ ግን በላስቲክ ውስጥ ሆኜ እንደማይ ነው።» የግራው ዓይን ገና አልተሠራም፤ በዚህ ሁኔታ ሁለተኛውን ማሠራት እንደማይፈልጉም ተናግረዋል።

በመጀመሪያው ምርመራ ቀኝ ዓይን ያለ መነፅር 6/12 አነበበ፤ ደህና ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማለት ነው። የሞራ ግርዶሹ ሳይወጣ 6/36 ስለነበር በወረቀት ላይ ትልቅ መሻሻል ነው። ይሁንና ሌንሱ የተገዛው መነፅር ለማስቀረት ነው፤ ዋጋውም የተለመደውን ባለ አንድ ትኩረት ሌንስ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ40 ሳ.ሜ. ኤን 8 (ኤን የቅርብ ንባብ ፊደል መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፊደሉም ያንሳል)፣ በኮምፒውተር ርቀት (65 ሳ.ሜ.) ደግሞ ኤን 8ን በጭንቅ አነበቡ። በመነፅር ሲስተካከል ውጤቱ 6/6 ሆነ፤ ማስተካከያውም ስፌር (በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሠራው ኃይል) 0.00፣ ሲሊንደር (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያለውን ስሕተት የሚያርመው) -1.25፣ አክሲስ (የሲሊንደሩ አቀማመጥ በዲግሪ) 90 ነው። የጉዳዩ ቁልፍ ይህች አንዲት መስመር ናት። ከ10 ሳምንት በኋላ ዓይኑ በመነፅር 6/6 ካነበበ፣ ሌንሱን ወይም ከሌንሱ በስተኋላ ያለውን ከረጢት ከመወንጀል በፊት መነፅሩ ያስተካከለው ነገር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል።

ባለ ሦስት ትኩረት ሌንስ ለስሕተት ቦታ የማይሰጠው በአሠራሩ ነው። ባለ አንድ ትኩረት ሌንስ የሚያገኘውን ብርሃን በሙሉ ወደ አንድ ርቀት ይልካል። ባለ ሦስት ትኩረቱ ግን ገጹ ላይ በተቀረጹ እጅግ ረቂቅ ቀለበቶች ብርሃኑን ይከፋፍለዋል። በዚህች ታካሚ የተተከለው ከሩቅ ሌላ በ60 እና በ40 ሳ.ሜ. እንዲሠራ የተነደፈ ዓይነት ነው። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው ፓንኦፕቲክስ፣ አምራቹ እንደሚገልጸው፣ ብሌኑ 3 ሚ.ሜ. ሲሆን ከሚገባው ብርሃን 88 በመቶውን ለእይታ ያውላል፤ የዚህን ግማሽ ለሩቅ፣ ቀሪውን ለመካከለኛና ለቅርብ እኩል ያካፍላል። እንግዲህ ታካሚዋ ሩቅ ሲያዩ ጥርት ያለውን ምስል የሚሠራው ከሚገባው ብርሃን ግማሹ እንኳ አይደለም፤ የሌሎቹ ትኩረቶች ብርሃን ደግሞ በላዩ ላይ ደብዝዞ ይነጠፋል። ባለ አንድ ትኩረት ሌንስ 1 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ያህል የቀረ ሲሊንደር ይዞም ብዙ ሰው ሳያጉረመርም ይኖራል። በተከፋፈለ ብርሃን ላይ ያው 1 ዳይኦፕተር ሲጨመር ግን ሦስቱም ትኩረቶች አብረው ይበላሻሉ። ስለዚህ የቀረው ሲሊንደር ከ0.50፣ ቢበዛ ከ0.75 ዳይኦፕተር እንዳይበልጥ ይፈለጋል።

ወረቀቱ ላይ የታዘዘው ያግ ሌዘር ለምን ወዲያው አልተደረገም? በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ የብርሃን መሣሪያ) ሲታይ የኋላ ከረጢቱ ላይ ጥቂት ሽብሽቦች አሉ፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ ሲታይ ሬቲናው በግልጽ ይታያል። በመነፅር 6/6 የሚያነብ ዓይን ያለበት ከረጢት ለዚህ ያህል ቅሬታ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛውና የሚከብደው ነገር ሌዘሩ ከረጢቱን መብሳቱ ነው። ነገ ሌንሱ መቀየር ቢኖርበት የተበሳ ከረጢት ቀዶ ሕክምናውን እጅግ ያወሳስበዋል፤ ከሌንሱ በስተኋላ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ወደ ፊት ይመጣል፣ አዲሱ ሌንስም ከረጢቱ ውስጥ ላይቀመጥ ይችላል። ሌንሱ እንደሚቆይ ሳይወሰን በሌዘር መክፈት በር ዘግቶ ቁልፉን መጣል ነው። ባለ ብዙ ትኩረት ሌንስ ባላቸው ታካሚዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተትም ይኸው ነው፤ ሌዘሩ ቀላልና ፈጣን ስለሆነ እጅ ቀድሞ ወደ እሱ ይሄዳል።

ስለዚህ ፍለጋው በቅደም ተከተል ተኬደ። ኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን የሚያሳይ መሣሪያ) የማዕከላዊ ሬቲናውን ውፍረት መደበኛ አሳየ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በብዛት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚመጣው የማኩላ (የማዕከላዊ ሬቲና) እብጠት የለም። የዓይኑ ግፊት 19 ነው። ብሌኑ በብርሃን 3.1፣ በጨለማ 5.2 ሚ.ሜ. ይሆናል። የሌንሱ ቀለበቶች ማዕከል ከብሌኑ ማዕከል ጋር ይገጥማል። የዓይኑ ፊት ላይ ግን ነገር ተገኘ፦ በፍሎረሲን ቀለም ሲታይ እንባው በ4 ሰከንድ ውስጥ ይበጣጠሳል፣ የኮርኒያው (የዓይኑ ፊት ግልጽ ሽፋን) የታችኛው ክፍል ላይ ነጠብጣብ አለ፣ የሽፋሽፍት ሥር ያሉት የቅባት ዕጢዎች ተደፍነዋል። የላይኛው ቆብ ሲገለበጥ ደግሞ በልጅነት ያለፈ የትራኮማ ጠባሳ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ታየ። በአገራችን ባለ ብዙ ትኩረት ሌንስ ለመትከል ሲታሰብ ቆቡን ገልብጦ ማየት ግዴታ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ጊዜ ግን ይታለፋል። በዚህ ላይ ታካሚዋ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘላቸውን የስቴሮይድና የፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ካለቀ በኋላም ከፋርማሲ እየገዙ ቀጥለውበት ነበር። ስቴሮይዱ ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው መከላከያ ኬሚካል ደግሞ የደረቀ ዓይንን ይብስ ያቆስላል። የዚያኑ ቀን እንዲያቆሙ ተደረገ።

ሲሊንደሩስ? ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው ከመጀመሪያው ተቋም በመጣው የልኬት ወረቀት ላይ ይታያል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የኮርኒያው ኃይል በቁም አቅጣጫ (90) 43.04 ዳይኦፕተር፣ በአግድም (180) 43.76 ነበር፤ ልዩነቱ 0.72 ነው። ይህን ያየ ሰው «ከ0.75 በታች ነው፣ ቶሪክ ሌንስ አያስፈልግም» (ቶሪክ ሲሊንደርንም የሚያስተካክል ሌንስ ነው) ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሆኖም የተለመደው መሣሪያ የሚለካው የኮርኒያውን የፊት ገጽ ብቻ ነው። የኋላው ገጽ በአብዛኛው ሰው ላይ፣ በአማካይ 0.3 ዳይኦፕተር ያህል፣ ሲሊንደር በአግድም አቅጣጫ ይጨምራል። በአግድም የገነነ (ይበልጥ የጎበጠ) ኮርኒያ ላይ ይህ የሚደመር እንጂ የሚቀነስ አይደለም፤ በቁም የገነነ ቢሆን ኖሮ ያቃልለው ነበር። ስለዚህ 0.72 የተባለው እውነቱ 1 ዳይኦፕተር አካባቢ ነው።

ሁለተኛው የቁርጡ ቦታ ነው። በስሊት ላምፕ ጠባሳው በ12 ሰዓት፣ ማለትም ከላይ ይታያል። ቁርጥ የተቆረጠበትን አቅጣጫ ያለዝባል። ከላይ መቁረጥ ቀድሞውንም የለዘበውን የቁም አቅጣጫ ይበልጥ አለዘበው፣ አግድሙ የዚያኑ ያህል ገነነ፤ አሁን የፊት ገጹ ልዩነት 1.02 ሆኗል። የኋላው ገጽ ሲታከልበት 1.25 አካባቢ ይደርሳል፤ መነፅሩም ያለው ይህንኑ ነው። ከላይ የመቁረጥ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ ግማሹን ያህል ያሳወረው የሞራ ግርዶሽ ነበር። ያን ሸክም ለማቃለል ሐኪሞቻችን እጃቸውን ያፍታቱት ያለ ፋኮ ማሽን (የሞራ ግርዶሹን በአልትራሳውንድ ሰባብሮ በሚመጠው) በሚሠራው አነስተኛ ቁርጥ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በዚያ ሥራ ወንበሩ ከታካሚው ራስጌ ይሆናል፣ ቁርጡም ከላይ ይገባል። ለባለ አንድ ትኩረት ሌንስ ችግሩ ያን ያህል አይጎላም። ወደ ፋኮና ወደ ባለ ሦስት ትኩረት ሌንስ ሲታለፍ ግን ወንበሩን ወደ ጎን ማዞር ያስፈልጋል።

የሌንሱ ኃይልም ጥቂት ተዛንፏል። የዓይኑ ርዝመት በመጀመሪያው ተቋም የተለካው ኮርኒያውን በሚነካ አልትራሳውንድ ሲሆን 23.12 ሚ.ሜ. ወጥቷል። አሁን በብርሃን በሚለካው ባዮሜትሪ፣ ሌንስ ለተተከለለት ዓይን በተዘጋጀው ምርጫ፣ 23.31 ሆነ። የአልትራሳውንዱ ጫፍ ኮርኒያውን ትንሽ ከተጫነው ዓይኑን አጭር ያደርገዋል፤ አጭር የተባለ ዓይን ከሚገባው በላይ ጠንካራ ሌንስ ይታዘዝለታል። የ1 ሚ.ሜ. ስሕተት 2.5 ዳይኦፕተር ያህል ስለሚያዛንፍ፣ 0.19 ሚ.ሜ. ወደ ግማሽ ዳይኦፕተር የሚጠጋ ማዮፒያ (ሩቁን የሚያደበዝዝ የትኩረት ስሕተት) ማለት ነው። የተተከለው 22.5 ዳይኦፕተር ነው፤ የዓይኑ አማካይ ቀሪ ማስተካከያም -0.62 ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። የሞራ ግርዶሹ እጅግ ከጠነከረ የብርሃን መሣሪያው አልፎ መለካት አይችልም፣ ያኔ አልትራሳውንድ ግድ ይሆናል። እንዲያም ሲሆን ኮርኒያውን በማይነካው፣ በውኃ መካከለኛነት በሚሠራው ዘዴ መለካት ይሻላል።

መደምደሚያ ላይ ከመደረሱ በፊት አንድ ርካሽ ሙከራ ተደረገ። -1.25 ሲሊንደር በአክሲስ 90 የሙከራ ፍሬም ላይ ተሰክቶ ታካሚዋ ከክሊኒኩ ወጥተው መንገዱን፣ የታክሲውን ታፔላና ማዶ ያለውን ማስታወቂያ እንዲያዩ ተደረገ። «ላስቲኩ ተነሣ» አሉ። ይህ ሙከራ ከየትኛውም ማሽን የሚልቅበት ጊዜ አለ፤ ፍሬሙ ቅሬታውን ካጠፋው ችግሩ የማስተካከያ ነው፣ ፍሬም ተደርጎም ላስቲኩ ካልተነሣ ግን ምክንያቱ ሌንሱ ራሱ፣ ሬቲናው ወይም የዓይኑ ፊት ነው።

ምክንያቱ ቢታወቅም ቢላ ወዲያው አልተነሣም። የደረቀ ኮርኒያ ልኬቱ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል፤ በሚዋዥቅ ቁጥር ላይ የቁርጥ ዕቅድ አይወጣም። ለ6 ሳምንት ጠዋትና ማታ ለ10 ደቂቃ ሙቅ ጨርቅ በተዘጋ ቆብ ላይ፣ ከዚያም የሽፋሽፍቱን ሥር ማጠብ፤ መከላከያ ኬሚካል የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ በቀን 6 ጊዜ። ኮምፒውተሩ ከዓይን ደረጃ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ወደ ታች የሚያይ ዓይን በከፊል ይከደናል፣ ትነቱ ይቀንሳል። በዚህ ከፍታና በደረቁ የጥቅምትና የኅዳር አየር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ6 ሳምንት በኋላ እንባው 8 ሰከንድ ቆየ፤ በተለያየ ቀን የተወሰዱ ሁለት የኮርኒያ ልኬቶች በ0.25 ውስጥ ገጠሙ። ያለ መነፅር የሚነበበው ከ6/12 ወደ 6/9 ቀረበ። ድርቀቱ ብቻውን ይህን ያህል ይሰርቅ ነበር። ሲሊንደሩ ግን እዚያው ነው።

አማራጮቹ አራት ነበሩ፦ መነፅር ማድረግ፣ ኮርኒያውን በሌዘር መቅረጽ፣ ሌንሱን መቀየር፣ ኮርኒያው ጠርዝ ላይ የሚያለዝብ ቁርጥ መቁረጥ። መነፅሩን ታካሚዋ ለማታ መንዳት ብቻ ተቀበሉት። ለአማካዩ ግማሽ ዳይኦፕተር ማዮፒያ ሲባል ሌንስ መቀየር ከጥቅሙ አደጋው ይበልጣል። የኮርኒያ ሌዘር ሁለቱንም ያስተካክል ነበር፤ ሆኖም የትራኮማ ጠባሳና ድርቀት ያለበት ዓይን ላይ የነርቭ ጫፎችን በስፋት መንካት አልተመረጠም። ስለዚህ የጠርዝ ቁርጥ ተወሰነ። ድርቀት ላይ እሱም ጥቂት ይጨምራል፤ የሚነካው ቦታ ግን ጠባብ ነው።

ቁርጡ የሚገባው በገነነው አቅጣጫ፣ ማለትም በአግድም፣ በሁለቱም ጎን ነው። በመጀመሪያ ታካሚዋ ቁጭ ብለው ሳለ 0 እና 180 ላይ በቀለም ምልክት ተደረገ፤ ሰው ሲጋደም ዓይኑ በጥቂት ዲግሪ ስለሚዞር ተኝቶ የተደረገ ምልክት ያሳስታል። የኮርኒያው ውፍረት በቁርጡ ቦታ ላይ ተለክቶ ከ700 ማይክሮን በላይ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ ጥልቀቱ 600 ማይክሮን ላይ በታሰረ ቢላ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በእያንዳንዱ ጎን 45 ዲግሪ ቅስት ተቆረጠ። ሥራው ከማደንዘዣው ጠብታ ጋር ሩብ ሰዓት አልሞላም። እንዲህ ያለ ቁርጥ አንዱን አቅጣጫ ሲያለዝብ ሌላውን ስለሚያገንን አማካዩን አያነቃንቀውም። ግማሽ ዳይኦፕተሩ ማዮፒያ እንደሚቀር ለታካሚዋ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ከ4 ሳምንት በኋላ ማስተካከያው -0.25፣ ሲሊንደር -0.50፣ አክሲስ 85 ሆነ። ያለ መነፅር 6/9 ሙሉውን፣ ከ6/6ም ጥቂት ፊደል፤ በ40 ሳ.ሜ. ኤን 6።

ታካሚዋ የግራውን ለማሠራት የተስማሙት ያኔ ነው። ግራው በአግድም 44.05፣ በቁም 43.10 ነበር፤ የፊቱ ብቻ 0.95። የኋላውን ገጽ ከግምት በሚያስገባው የባሬት ቀመር ሲሰላ ቶሪክ ባለ ሦስት ትኩረት ሌንስ አስፈለገ። በሌንሱ ላይ 1.50 ሲሊንደር ያለው መጠን ኮርኒያው ዘንድ ሲደርስ 1.03 ያህል ያስተካክላል፤ የቀረውን የ2.4 ሚ.ሜ. የጎን ቁርጥ ያለዝበዋል ተብሎ ታቀደ። ሌንሱ በእጅ ስላልነበረ ታዝዞ እስኪመጣ ተጠበቀ። በሌለው ፈንታ ያለውን መትከል የቀኙን ታሪክ መድገም ነው። ቶሪክ ሌንስ ከተፈለገው አክሲስ በ1 ዲግሪ ሲዞር ከሥራው 3.3 በመቶ ያህሉን ያጣል፣ በ30 ዲግሪ ሲዞር የሲሊንደር ማስተካከያው ከነጭራሹ ይጠፋል። ሌንስ የሚያሽከረክረው በአብዛኛው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ገብቶ ከበስተኋላው ሳይጠባ የቀረው ዝልግልግ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ የማጠቢያው ጫፍ ከሌንሱ ኋላ ገብቶ እንዲያጠራ ተደረገ፣ ዓይኑም በልኩ እንጂ ተነፍቶ አልተዘጋም። በማግስቱ ሌንሱ ከአክሲሱ 2 ዲግሪ ብቻ ዞሮ ተገኘ።

ግራው ከተሠራ 3 ወር ሲሞላው ያለ መነፅር 6/6፣ በ65 ሳ.ሜ. ኤን 6፣ በ40 ሳ.ሜ. ኤን 5 አነበበ፤ ማስተካከያው 0.00፣ ሲሊንደር -0.25። በሁለቱ ዓይን አንድ ላይ የተወሰደው የትኩረት መስመር ከሩቅ ወደ ቅርብ ሲወርድ በ40 ሳ.ሜ. አካባቢ ደህና ነው፣ ከ30 ሳ.ሜ. ወዲህ ግን በፍጥነት ይወድቃል። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት፣ የክኒን ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማየት 25 ሳ.ሜ. ሲቀርቡ አይታያቸውም፤ ለዚያ +1.50 የማንበቢያ መነፅር ቦርሳቸው ውስጥ አለ። ይህ የሌንሱ ጉድለት አይደለም፣ ንድፉ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት «መነፅር ከናካቴው ይቀራል» ተብሎ ከተነገረ ግን ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል።

የላቲን ፊደል ባለበት ሰንጠረዥ ኤን 5 ማንበብና ማለዳ በጧፍ ብርሃን የኪስ ዳዊት ማንበብ አንድ አይደሉም። «ሉ»ን ከ«ለ» የሚለየው ጎን ላይ የተቀጠለች ጭረት ናት፤ ንጽጽሩ ሲቀንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። በጨለማ ብሌኑ ከ5 ሚ.ሜ. በላይ ሲሰፋ ከቀለበቶቹ ውጪ ባለው ጠርዝ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩቅ ብቻ ይሄዳል፣ ለንባብ የሚቀረው ድርሻ ያንሳል። ታካሚዋ ትልቅ ፊደል ያለው ዳዊት ገዙ፣ ጨለማ ሲሆን ትንሽ የእጅ ባትሪ ይይዛሉ። የቅርብ እይታ ምርመራው በአማርኛ ጽሑፍ፣ አንዴ በሙሉ ብርሃን፣ አንዴ መብራት ተቀንሶ ቢደረግ ኖሮ ይህ ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

የማታው ብርሃን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በኤልኢዲ መብራት ደምቋል፤ በእያንዳንዱ አምፖል ዙሪያ ታካሚዋ ቀለበት ያያሉ። ቀለበቱ የሚመጣው የቅርቡ ትኩረት ብርሃን በሩቁ ምስል ላይ ስለሚነጠፍ ነው፤ ሌንሱ እስካለ ድረስ አለ። የቀኙ ሲሊንደር ከተቀነሰ በኋላ ጠበበ፣ 6ኛው ወር ላይ ሲጠየቁ «አለ፣ ግን ካላሰብኩት አላየውም» ብለዋል። አእምሮ የሚለምድበት ጊዜ ከ3 ወር እስከ ዓመት ሊሄድ ይችላል። ሌሊቱን የሚነዳ የረጅም መንገድ ሾፌር፣ ግላኮማ ያለበት፣ የስኳር ሕመም ሬቲናውን የነካው፣ ወይም በአገራችን ብዙ የሚታየው ፕሱዶኤክስፎሊየሽን (ዓይን ውስጥ ነጭ ቅርፊት መሰል ነገር የሚጠራቀምበት ሕመም) የሌንሱን ማሰሪያ ያላላበት ሰው ቢሆኑ ግን ይህ ሌንስ ከመነሻው ባልተመከረላቸው ነበር።

ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና 11 ወር ሲሆነው የቀኙ ከረጢት በእርግጥ ደበዘዘ፤ በመነፅርም ከ6/9 አላልፍ አለ። አሁን ሌንሱ እንደሚቆይ ስለተወሰነ ያግ ሌዘሩ ተደረገ። ከ1.5 ሚሊጁል ተጀምሮ፣ ትኩረቱ ከሌንሱ ትንሽ ወደ ኋላ ተደርጎ፣ የቀለበቶቹን ክልል ነፃ እንዲያወጣ 4.5 ሚ.ሜ. ያህል ስፋት ተከፈተ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግፊቱ ተለክቶ 17 ሆነ፤ ብልጭታ ወይም የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር ካዩ የዚያኑ ዕለት እንዲመጡ ተነገራቸው። በሳምንቱ ቀኙ ያለ መነፅር 6/7.5 አነበበ።